ከነገሩ የቀደመ ጋዜጣ

የአገሬን ስም አልጽፈውም። በእኔ ዕድሜ ሦስት ጊዜ ስለ ተለወጠ፣ የትኛውን ብጽፍ ማን እንደሚቀየመኝ አላውቅም። እኔ ወንዳፍራሽ እባላለሁ፤ የታሪክ ሰው ነኝ። የታሪክ ሰው ማለት በእኛ አገር ከሞቱት ጋር ተስማምቶ የሚኖር፣ ካሉት ጋር ግን መግባባት የሚቸግረው ማለት ነው።

ሙያዬ ጠባብ ናት። ከመቶ ዓመት በፊት በአገራችን የፋኖስ አመፅ የሚባል ተነሥቶ ነበር። አመፀኞቹ ጠመንጃ ሳይገዙ በፊት ማተሚያ መኪና ገዙ፤ “እማኝ” የሚባል ጋዜጣም አቋቋሙ። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ይህንን ጋዜጣ በማንበብ ነው። ማን ጻፈው? ማን አተመው? ማን አነበበው? ያነበበውስ አምኖት ነበር ወይ?

ወደዚህ ሥራ ያስገቡኝ መምህሬ ወይዘሮ ልሳነወርቅ ናቸው። ቁመታቸው አጭር ነው፤ ድምፃቸው ግን የክፍሉን መስኮት ያንቀጠቅጣል። ተማሪው ሁሉ እትዬ ልሳነ ነበር የሚላቸው።

“ጋዜጣን ከኋላ ገጽ ጀምረህ አንብብ” ይሉኝ ነበር። “ፊት ገጽ ላይ ያለው ሊነግሩህ የፈለጉት ነው። ኋላ ያለው ቦታ ሲተርፍ የገባ ስለሆነ አልፎ አልፎ እውነት ያመልጠዋል።”

ከኋላ ጀመርኩ። አንድ ቀን የቀይ አፈር ጦርነት ድል የታወጀበትን እትም ይዤ ተቀመጥኩ። ፊት ገጹ በትልልቅ ፊደል “ጠላት ድባቅ ተመታ!” ይላል። አራተኛው ገጽ ላይ ደግሞ በደቃቅ ፊደል አንዲት ማስታወቂያ አለች። “ሠራዊታችን ወደ ቀይ አፈር የሚዘምትበት በቅሎ ስላጣ፣ በቅሎ ያላችሁ ወገኖች እንድታውሱን እንለምናለን” ትላለች። ድሉ ደርሷል፤ በቅሎው ገና አልተገኘም።

ነገሩን ሳጣራው ከዚህም የባሰ ሆኖ አገኘሁት። ጋዜጣው ከሠራዊቱ ቀድሞ ጠላት እጅ ገብቷል። የጠላት አዝማች መሸነፉን አንብቦ ክፉኛ አዘነ፤ ጦሩንም ሰብስቦ ወደ አገሩ ተመለሰ። አመፀኞቹ በእግራቸው ተጉዘው ሲደርሱ ሜዳው ላይ የቀረ አንድ ድንኳን ብቻ ነበር።

ይህንን ጽፌ ለንጉሡ ኮሌጅ መመረቂያ አቀረብኩ። መርማሪዎቹ በጣም ደስ አላቸው። “ይህ ወጣት አመፀኛ ሁሉ ውሸታም መሆኑን በማስረጃ አሳይቷል” ብለው ካባ ሸለሙኝ። ካባውን ደርቤ እትዬ ልሳነ ዘንድ ሄድኩ።

“ያምርብሃል” አሉኝ። “ግን አትኩራበት። አንተ የጻፍከውን መች አነበቡ? እነሱ ሊያነቡ የፈለጉትን ነው ያነበቡት።”

“እኔ የጻፍኩት ምንድን ነው ታዲያ፣ እትዬ?”

“ሰው ያነበበውን እንደሚሆን ነዋ። ይኼ ለንጉሥም ለአመፀኛም የሚያስፈራ ነገር ነው። አንድ ቀን አንብቦ የሚገባው ሰው የመጣ እንደሆነ ያኔ ወዮልህ።”

ሰውየው መጣ። ንጉሡ ወረዱ፤ አብዮት ሆነ። ለንጉሡ የተመቸ መጽሐፍ የጻፍኩ ስለነበርኩ እንደሚያስሩኝ አልተጠራጠርኩም፤ ባለቤቴ አልጋነሽም ብርድ ልብስና ሹራብ ጠቅልላ በር አጠገብ አስቀመጠችልኝ። መኪና መጣ። ሁለት ሰዎች ወረዱና ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሱኝ። ብርድ ልብሱን እንደ ታቀፍኩ ወደ ሹመት ሄድኩ።

የተቀበሉኝ አዲሱ የብሥራት ሹም አቶ ዘርጋው ናቸው። የብሥራት ሹም የሚባለው ለሕዝቡ ደስ የሚል ዜና እንዳይጎድል የሚቆጣጠር ባለሥልጣን ነው። ለስላሳ እጅ፣ ለስላሳ አነጋገር ነበራቸው። መጽሐፌ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጧል፤ ያልተሰመረበት መስመር አልነበረውም።

“መምህር፣ እርስዎን የመሰለ ሰው ነበር የቸገረን” አሉኝ። “እነዚያ የፋኖስ ሰዎች ያለ አንድ ጥይት አሸነፉ። በምን? በጋዜጣ! ታዲያ እኛ ምን አነሰን?”

“ክቡር ሆይ፣ እኔ ያንን የጻፍኩት… እንደ ጉድለት ነው” አልኩ።

“ትሕትና ነው” አሉና ሳቁ።

በዚህ ዓይነት የመጪ ዜና ክፍል አማካሪ ሆንኩ። ጋዜጣው “አዲስ እማኝ” ተባለ። አንድ ደንብ ብቻ ነበረው፤ እርሱም በሩ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል፦ “እማኝ አይሳሳትም”። ከዚህ ደንብ የቀረው ሁሉ በራሱ ይከተላል። እማኝ የማይሳሳት ከሆነ፣ ተጽፎ ያልተፈጸመ ነገር የጋዜጣው ጥፋት ሊሆን አይችልም፤ የነገሩ ጥፋት ነው። ስለዚህ እኛ ማክሰኞ እንጽፋለን፤ አገሩ እስከ ዓርብ ድረስ ይፈጽማል።

መጀመሪያ ላይ አይከፋም ነበር። የታችኛው ድልድይ ተመረቀ ብለን ጻፍን። በማግሥቱ ጠራቢው፣ አናጢው፣ አሸዋ ጫኙ በሩጫ መጥቶ ድልድዩን ሠራው፤ ዛሬም ድረስ ሰው ይሻገርበታል። የላይኛው ድልድይ ግን በክረምት ተመረቀ። ሪባኑ ሲቆረጥ ድልድይ የለም፤ ወንዙም ሞልቷል። የተጋበዙት እንግዶች ዳር ቆመው አጨበጨቡ። አንድ የግብርና ሹም ብቻ ጋዜጣውን ከልቡ ያመነ ሰው ነበርና፣ “ተሻግሬ እመለሳለሁ” ብሎ ገባ። ባርኔጣው ታች መንደር ተገኘ።

የድል በዓሉ ዕለት “በጠራ ሰማይ ሥር በደመቀ ሁኔታ ተከበረ” ብለን ስለ ነበር፣ ዶፍ ሲወርድ ጃንጥላ የዘረጋ ሰው ሁሉ ስሙ ተያዘ። ሕዝቡ ቶሎ ተማረ። ከዚያ ወዲህ ሰው ከቤቱ ሲወጣ ሰማዩን ትቶ ጋዜጣውን ያያል።

በማተሚያ ቤቱ ማስረሻ የሚባል ፊደል ለቃሚ ነበር። ፊደል ለቃሚ ማለት የእርሳስ ፊደሎችን ከሳጥን አንድ በአንድ እየለቀመ ቃል የሚሠራ ሰው ነው። ጎልማሳ፣ ደልደል ያለ፣ ሳቁን የማይቆጣጠር። እናቱ እማማ ትርንጎ ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ ይኖራሉ፤ ቀትር ላይ ምሳውን ይዘው መጥተው እስኪበላ ቆመው ያዩታል። ሰው ሲያላግጥበት፣ “ለእናት ልጅ አያድግም፤ እናንተም እናታችሁ ብትመጣ ቆማ ታበላችሁ ነበር” ይል ነበር።

አንድ ቀን ዘንድሮ አንበጣ በገዛ ፈቃዱ አገር ለቆ እንደ ወጣ የሚያበሥር ዜና እየለቀመ ሳለ አንበጣዋ እራሷ በመስኮት ገባችና ጽሑፉ ላይ አረፈች። ማስረሻ ሳቀ። ሳቁን ለመያዝ ሞከረ፤ ባሰበት። ጠረጴዛውን ይዞ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኛም ሳቅን። የእኛን ሳቅ ግን ማንም አልሰማውም፤ የእርሱ ሳቅ ይበልጥ ነበር።

በሳምንቱ ከብሥራት ሹሙ ቢሮ አንዲት ብጣሽ ወረቀት መጣች። ማስረሻ እንደ ልማዱ ተቀብሎ መልቀም ጀመረ። አጠገቡ ቆሜ ነበርና እጁ ሲያዘግም አየሁ። ዜናው እንዲህ ይላል፦ “የእማኝን ክብር በሳቁ ያጎደፈው ፊደል ለቃሚ ማስረሽ ጥፋቱን አምኗል፤ ተገቢው የሞት ቅጣትም ተፈጽሞበታል።”

ቀና ብሎ አየኝ። “መምህር” አለኝ፣ “ስሜን ማስረሽ ብለው ነው የጻፉት። ላርመው?”

“አርመው” አልኩት።

አረመው። መስመሩን ጨረሰና እጁን በጨርቅ ጠረገ። “ውጣ፤ በጓሮ በኩል ሂድ” አልኩት በሹክሹክታ። ጓሮ በር ላይ ሁለት ወታደሮች ነበሩ፤ ጋዜጣው እንዳይሳሳት ሰዓታቸውን አክብረው መጥተዋል። ወደ ጓሮው ግንብ ሥር ወሰዱት። እኔ መስኮቱ አጠገብ ነበርኩ። ተኩሱን ሰማሁ፤ ሲወድቅም አየሁት።

እማማ ትርንጎ ቀትር ላይ መጡ። ዘበኛው ጋዜጣውን ሰጣቸው። ማንበብ አይችሉም ነበርና ገልብጠው ይዘው፣ “ልጄ ወዴት ነው?” አሉ። “እዚያ ላይ ተጽፏል” አላቸው። ለመንገደኛ ሰጥተው አስነበቡ። መንገደኛው አንብቦ ሲጨርስ ጋዜጣውን ከእጁ ነጠቁት። “ይኼ ጋዜጣ ውሸታም ነው፤ ዝናም ሲዘንብ ፀሐይ ነው የሚል” አሉ፤ ዘወር ብለውም ምሳውን እንደ ያዙ ቤታቸው ገቡ። አላለቀሱም። ድንኳንም አልጣሉም።

እኔ በዚያ ሳምንት ምን እንደ በላሁ አላስታውስም። አልጋነሽ ያንን ብርድ ልብስና ሹራብ እንደገና ጠቅልላ በር አጠገብ አኖረችው። በዚህ መሐል በመጪው ዜና መዝገብ ላይ የእትዬ ልሳነን ስም አየሁት፦ “አዛውንቷ መምህርት ተማሪዎችን ማሳሳታቸውን አምነው ይቅርታ ጠየቁ። ቅጣታቸውም…” ቅጣቱ ገና አልተወሰነም፤ ቦታው ክፍት ነበር። ጥፋታቸው ክፍል ውስጥ፣ “ዜና የራሱ እግር ስለሌለው ከመልእክተኛው ቀድሞ አይደርስም” ማለታቸው ነው።

በዕረፍት ሰዓቴ ቤታቸው ሄድኩ። በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

“እትዬ፣ ይሽሹ።”

“ብሸሽ ሸሸች ብለው ያትማሉ። ከዚያ ተያዘች ብለው ያትማሉ። እኔ እኮ ነኝ ያስተማርኩህ።”

“ብንለምንስ?”

“ማንን? ዘርጋውን? እርሱ እንኳ የገዛ ጋዜጣውን ይፈራል። ልጆቹን ጠዋት ጠዋት እየጠራ ‘ስለ አባታችሁ ምን ይላል?’ ሲላቸው ሰምቻለሁ።”

ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። አፌ ውስጥ ሳለ ካስፈራኝ ይልቅ ሲወጣ አስፈራኝ። “ሞተዋል ብዬ ባትምስ?”

ቢላዋውን አስቀመጡ። “በምን በሽታ?”

“በጨጓራ።”

“አይሆንም። በጨጓራ ሞተች ሲባል በምግብ ምክንያት ይመስላል። በልብ አድርገው። አንድ ሁለት የሙገሳ ቃልም ጨምርበት፤ በቁሜ ላንብበው።”

አራተኛው ገጽ ላይ፣ የጠፋ ላም ከሚፈልግ ሰው ማስታወቂያ ሥር፣ በደቃቅ ፊደል አስገባሁት። “አንጋፋዋ መምህርት ወይዘሮ ልሳነወርቅ በድንገተኛ የልብ ሕመም ዐረፉ። አስተዋይ፣ ደግና አንደበተ ርቱዕ ነበሩ።” አቶ ዘርጋው እንደ ወትሮው ፊት ገጹን ብቻ አንብበው ፈረሙ።

በማግሥቱ አስጠሩኝ። ለስላሳው ድምፅ ትንሽ ሻክሯል።

“መምህር፣ ሴትዮዋ ሞተዋል?”

“እማኝ ጽፏል፣ ክቡር ሆይ። እርስዎም ፈርመዋል።”

ፊርማቸውን አዩት። እኔንም አዩኝ። ወታደር ልከው አስጎበኙ። ወታደሩ ሲመለስ ላብ አጥምቆታል።

“አይቻቸዋለሁ ጌታዬ፤ ልብስ ያሰጣሉ።”

“ጋዜጣው ምን ይላል?” አሉ አቶ ዘርጋው።

“ሞተዋል ይላል።”

“እና ያየኸው ምንድን ነው?”

ወታደሩ ትንሽ አሰበ። “ልብስ” አለ። “ልብስ ነው ያየሁት ጌታዬ። ነፋስ ያወዛውዘው ነበር።”

አቶ ዘርጋው ሁለታችንንም አሰናበቱን። እኔን በሩ ላይ ሲያደርሱኝ ግን ክንዴን ያዝ አድርገው፣ “ከእንግዲህ ሰው ሳያስፈቅዱኝ እንዳይሞትብኝ” አሉኝ።

እትዬ ልሳነ እንደ ሞቱ መኖር ጀመሩ። የሰፈሩ እድር ድንኳን ይዞ መጣ፤ የለቅሶ ቤቱን ንፍሮ ቀምሰው፣ “ጨው አንሶታል፤ ለሌላ ሰው እንዲህ እንዳታደርጉ” አሉ። ስኳር ለመውሰድ ሲሰለፉ አዳዩ ስማቸውን ዝርዝሩ ላይ አጥቶ፣ “እማማ፣ ለሟች አይታደልም” አላቸው። ጎረቤቱ ሁሉ በሽቦ ላይ እንደሚሄድ ሰው እየተጠነቀቀ ያነጋግራቸዋል። ጠዋት ሲያገኛቸው “እንዴት አደሩ” ማለት ስለሚያስጠይቅ “ነፍስ ይማር” ይላል። እርሳቸውም “አሜን” ብለው ያልፋሉ። ማንም ሊያስራቸው፣ ማንም ሊከሳቸው አልቻለም። “በሕይወቴ እንዲህ ነፃ ሆኜ አላውቅም” ይሉኝ ነበር፤ ግን ይህንን ሲሉ ዓይኔን አያዩም። ተማሪ አጥተዋል፤ ለሟች ክፍል አይሰጥም።

ዓመታት አለፉ። አንድ ማለዳ “መንግሥት ከምንጊዜውም ይበልጥ ጸንቶ ቆሟል” ብለን ጻፍን፤ ከሰዓት በኋላ ወደቀ። አዲሶቹ ገዥዎች ራሳቸውን የእርማት መንግሥት ብለው ሰየሙ። የመጀመሪያ አዋጃቸው አጭር ነበረች፦ “በአዲስ እማኝ ላይ የታተመው ሁሉ ውሸት ነው።” ሕዝቡ እልል አለ። እትዬ ልሳነም በአዋጅ ከሞት ተነሡ፤ የቀረባቸውን ስኳር ሊጠይቁ ሄዱ። የታችኛው ድልድይ ተመረቀ ያልነው በጋዜጣ ስለ ነበር፣ ዘበኛ ቆሞለት ሰው እንዳይሻገር ተከለከለ። አቶ ዘርጋው ልምድ ያላቸው ሰው በመሆናቸው የእርማት ሹም ሆኑ። እኔም ልምድ ስላለኝ የእርሳቸው አማካሪ ሆንኩ። ስለ ቀድሞው ዘመን ጋዜጣ ታሪክ እንድጽፍ ታዘዝኩ፤ ጠረጴዛዬም ያው ነበር።

ከዚያ ሴቶች መምጣት ጀመሩ።

የመጀመሪያዋ እማማ ትርንጎ ናቸው። ከሌሎች እናቶች ጋር፣ አዋጁን ያነበበላቸውን የእህታቸውን ልጅ አስከትለው፣ ወረቀቱን በእጃቸው ይዘው አቶ ዘርጋው ቢሮ ገቡ። አርጅተዋል። እትዬ ልሳነም በዚያ ሰዓት ስለ ስኳራቸው ሊያመለክቱ መጥተው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር።

“ይኼ ወረቀት ጋዜጣው ውሸት ነው ይላል፤ አይደለም?” አሉ እማማ ትርንጎ።

“እውነት ነው እማማ፤ ሁሉም ውሸት ነው” አሉ አቶ ዘርጋው በለስላሳ ድምፅ።

“እኔም ያኔውኑ ብያለሁ። እንግዲያው ልጄን አምጡልኝ።”

“ልጅዎን?”

“ማስረሻን። ጋዜጣው ሞተ አለ። ጋዜጣው ከዋሸ አልሞተም። ከታሰረበት አምጡልኝ፤ ይኸው ደጅ ላይ እጠብቃለሁ።”

ከኋላቸው ያሉትም “የእኔንም… የእኔንም” አሉ። አቶ ዘርጋው ወደ መስኮቱ፣ ወደ ጠረጴዛው፣ ከዚያም ወደ እኔ አዩ። “እርሱ… ያኛው ዜና እንኳ…” አሉና ተዉት። አዋጁ ላይ “ከዚህ በቀር” የሚል ቃል የለም። “መምህር ወንዳፍራሽ ያስረዱዎታል፤ የታሪክ ባለሙያ ናቸው” አሉና ተነሥተው ወጡ።

እማማ ትርንጎ ወደ እኔ ዞሩ። ለማልቀስ የመጣች ሴት ፊት አልነበረም፤ ልጇን ልትወስድ የመጣች እናት ፊት ነው። በሕይወቴ ስለ ብዙ ሞት ጽፌያለሁ፤ ሁሉንም ከወረቀት ላይ ነው ያነበብኩት።

“እማማ” አልኩ፣ “ማስረሻ…”

“ዝም በል!” የእትዬ ልሳነ ድምፅ መስኮቱን አንቀጠቀጠው። “መርዶ በቢሮ ይነገራል እንዴ? ቁጭ ባለ ጸሐፊ ፊት? አሳዳጊ የለህም?”

“መርዶ” የሚለው ቃል ወጥቷል፤ መመለሻም የለውም። እማማ ትርንጎ እትዬ ልሳነን አዩአቸው፤ እኔን አዩኝ። እትዬ ልሳነ ተነሥተው ደገፏቸው። ለአፍታ እንዲህ ተደጋግፈው ቆሙ፤ ሁለቱም ጋዜጣው የገደላቸው ሰዎች ናቸው፤ አንዷ በስሟ፣ አንዷ በልጇ።

“እንደዚህ አይሆንም” አሉ እማማ ትርንጎ በመጨረሻ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። “ልጄ ሰው ነው። ነገ ጠዋት ቤቴ ኑ። እንደ ሰው ኑና ንገሩኝ።”

በማግሥቱ ገና ሳይነጋጋ እኔ፣ እትዬ ልሳነና የሰፈሩ ሽማግሌዎች ነጠላችንን አጣፍተን ሄድን። አልጋነሽም ከእኛ ጋር ነበረች። ጎረቤቱ ሰምቶ ደጅ ደጁን ቆሟል። እማማ ትርንጎ ቤታቸውን ጠርገው፣ ምንም እንዳላወቀ ሰው መደብ ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። ስንገባ፣ “እንዴት አደራችሁ? ምነው በማለዳ? በደኅና ነው?” አሉ። የሚባለውን ሁሉ በየተራው አሉት።

ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ አዩ።

“እማማ” አልኩ፣ “ማስረሻ ሞቷል። ከማተሚያ ቤቱ ጓሮ፣ ከግንቡ ሥር ገደሉት። ጥፋቱ አንዲት ሳቅ ብቻ ነበረች።”

“እርግጠኛ ነህ?”

“እርግጠኛ ነኝ።”

“ማን ነገረህ? የት ላይ አነበብከው?”

“አላነበብኩም እማማ” አልኳቸው። “ነበርኩ።”

ያን ጊዜ እማማ ትርንጎ ተነሡ፤ ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ ወረወሩና፣ እነዚያን ዓመታት ሁሉ አምቀው ያኖሩትን ጩኸት ለቀቁት።